ሕይወትህ መቼ ነው የሚጀምረው? የጁሙዓ ማስታወሻ ስለተፈጠርንበት ዓላማ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በየሰፈሩ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። ሀዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የከረመ ወጣት «ለምን ተማርኩ?» ይላል። ጎህ ሳይቀድ ባጃጁን አስነስቶ፣ ማታ ለባለቤቱ ገቢ አስገብቶ የተረፈውን ሳንቲም የሚቆጥር ወንድም «እስከ መቼ?» ይላል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት መስመር ላይ የምትውል እህት ፈረቃዋ ሲያልቅ «ነገም ይኸው ነው?» ትላለች። ቤቱ የሞላለት፣ ሥራውም የሰመረለት ሰው እንኳ ማታ ስልኩን አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ «ከዚህ በኋላስ?» ይላል። የአራቱም ጥያቄ አንድ ነው። ለምንድነው የምኖረው?

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ አንድ አደገኛ ሐሳብ ይደበቃል። «ሕይወቴ ገና አልጀመረም» የሚል ሐሳብ። ሥራ ሳገኝ ይጀምራል፤ ሳገባ ይጀምራል፤ ውጭ ስወጣ ይጀምራል፤ የራሴ ቤት ሲኖረኝ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ እንደ መናኸሪያ ወንበር ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ አይኖርበትም። ብዙዎቻችን ሃያዎቹን ዕድሜያችንን በዚህ ወንበር ላይ እያሳለፍነው ነው። ዛሬ ኢንሻአላህ ይህን ሐሳብ በቁርኣንና በሐዲስ ሚዛን፣ ደግሞም በገዛ ምድራችን በተፈጸመ አንድ ታላቅ ታሪክ እንመዝነዋለን።

መጠየቅ የኢማን ድክመት አይደለም

አንዳንድ ወጣት «ለምን ተፈጠርኩ?» ብሎ ሲጠይቅ ኢማኑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል፤ ለሰው መናገርም ያፍራል። አትፍራ ወንድሜ። አትፍሪ እህቴ። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡190-191) አላህ (ሱ.ወ) ባለ አእምሮዎችን ሲያወድስ ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ ተጋድመውም እርሱን ከማውሳት ጋር በሰማያትና በምድር አፈጣጠር ላይ የሚያስተነትኑ መሆናቸውን ይጠቅሳል። አስተንትነው የደረሱበት መደምደሚያም ይህ ሁሉ በከንቱ አልተፈጠረም የሚል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ወደ አላህ የሚወስድ መንገድ ነው። አደጋው ያለው ጥያቄውን ሳይመልሱ በጫት፣ በቲክቶክና በእንቅልፍ መሸፈን ላይ ነው።

አላህም ጥያቄውን መልሶ ወደ እኛ ያዞረዋል። በሱረቱል ሙእሚኑን (23፡115) ለከንቱ እንደተፈጠርንና ወደርሱ እንደማንመለስ አስበን እንደሆነ ይጠይቀናል። በሱረቱል ቂያማም (75፡36) የሰው ልጅ እንዲሁ ልቅ ሆኖ የሚተው ይመስለው እንደሆነ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም አንቀጾች የመፈጠራችንን ዓላማ ከመመለሳችን ጋር ያያይዙታል። መመለሻውን ያላወቀ መንገደኛ መንገዱ ለምን እንደተሠራም አያውቅም።

ቁርኣን ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ሦስት መልክ አለው። በሱረቱ አዝ-ዛሪያት (51፡56) ጂንም ሰውም የተፈጠሩት አላህን ሊገዙ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ይነግረናል፤ ይህ ዒባዳ ነው። በሱረቱል በቀራ (2፡30) አላህ በምድር ላይ ምትክ እንደሚያደርግ ለመላእክት አሳውቋል፤ ይህ ኸሊፋነት፣ ማለትም አደራ ነው። በሱረቱል ሙልክ (67፡2) ደግሞ ሞትንና ሕይወትን የፈጠረው ማናችን ሥራችን ይበልጥ ያማረ መሆኑን ሊፈትነን እንደሆነ ይገልጻል፤ ይህ ፈተና ነው። ዒባዳ፣ አደራ፣ ፈተና። ሦስቱን ያዙልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

በነጃሺ ፊት የተሰጠ መልስ

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ615 ግድም፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፣ በመካ የሚደርሰው ስቃይ በበረታ ጊዜ ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ ነገሯቸው። በዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለና። መጀመሪያ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ሄዱ፤ ከመካከላቸው ዑስማን ቢን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ ነበሩ። ቀጥሎም ብዙዎች ተከተሉ። ከእነርሱ አንዱ የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነበር፤ ከሚስቱ ከአስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር።

ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ቢን አል-ዓስንና ዐብዱላህ ቢን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ለንጉሡም፣ በዙሪያው ላሉት ሹማምንትም ቆዳ አመጡ። ዓላማቸው ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። አስጠራቸውና ከሕዝባቸው የለያቸው ይህ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጃዕፈር ማን ነበር? የዚያን ዕለት እርሱ ስደተኛ ነው። መሬት የለውም፤ ቤት የለውም፤ የአገሩን ቋንቋ በቅጡ የሚያውቅም አይደለም። ነገ ተመልሶ በካቴና ሊሄድ ይችላል። በዘመናችን መለኪያ «ሕይወቱ ያልጀመረ» ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ለምን እንደሚኖር ያውቃል።

እዚያው የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያስተላለፈችው መልሱ በሲራ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። በፊት ጣዖት የምናመልክ፣ በክት የምንበላ፣ ዝምድናን የምንቆርጥ፣ ጎረቤትን የምንበድል፣ ብርቱው ደካማውን የሚበላ ሕዝብ ነበርን፤ ዘሩንም፣ እውነተኛነቱንም፣ ታማኝነቱንም የምናውቀው መልእክተኛ ከመካከላችን ተላከልን፤ አላህን ብቻ እንድናመልክ፣ እውነት እንድንናገር፣ አደራ እንድንመልስ፣ ዝምድና እንድንቀጥል፣ ለጎረቤት መልካም እንድንሆን፣ ከደም መፋሰስና ከሐራም እንድንታቀብ፣ የሐሰት ቃል እንድንተው፣ የየቲም ገንዘብ እንዳንበላ፣ ንጹሕ ሴትን እንዳናጠቁር፣ እንድንሰግድና እንድንመጸውት አዘዘን።

እስቲ እነዚህን ቁጠሯቸው። የመጀመሪያው ተውሒድ ነው፤ ያለእርሱ ሌላው መሠረት የለውም። ሰላትም አለ። የቀሩት ግን አብዛኞቹ ከሌላ ሰው ጋር ያለን ነገር ናቸው። ምላስህ፣ እጅህ ላይ ያለ የሰው ገንዘብ፣ አክስትህ፣ በግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤት፣ አባት የሌለው ልጅ፣ ስሟ የሚነሳ እህት። ጃዕፈር «የሕይወት ትርጉም» ሲጠየቅ ረቂቅ ፍልስፍና አላቀረበም። ማንን እንደሚያመልክና ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ተናገረ። ይህ ደግሞ ሥራ ያለውም የሌለውም፣ አዲስ ከተማ ያለውም ዱባይ ያለውም ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ነገር ነው።

ፈተናው በዚያ አላበቃም። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ንጉሡን አነሳሳ። ስደተኞቹ ንጉሡ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃሉ፤ አንድ ቃል ሕይወታቸውን ሊያስከፍል ይችላል። ተመካከሩና የሚመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን ብቻ እንናገራለን አሉ። ተናገሩም። ነጃሺም ከመሬት ትንሽ እንጨት አንስቶ ባሉት ነገር የዚህን እንጨት ያህል እንኳ ልዩነት የለም አለ፤ በምድሩም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። የቁረይሾችንም ስጦታ መለሰ።

ያ ንጉሥ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሆነው መሞቱን በዕለቱ ለባልደረቦቻቸው ነገሩ፤ አሰልፈውም አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ነጃሺ መዲናን አላየም፤ ነቢዩንም በአካል አላገኘም። ባለበት ቦታ፣ በእጁ ባለው ሥልጣን፣ የተበደለን አስጠለለ። የተጠየቀው ይህ ነበር፤ አደረገው።

የጥበቃ ዓመታት አይደሉም

ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ለዛሬው ጥያቄያችን ግን ዋናው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጃዕፈር ከዚያ ቀን በኋላ ምን ሆነ? በሐበሻ ቆየ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አይደለም፤ ከአስር ዓመት በላይ። ነቢዩ ወደ መዲና ሲሰደዱ እርሱ እዚህ ነበር። በድር ሲሆን እዚህ ነበር። ኡሑድ ሲሆን እዚህ ነበር። የኸንደቅ ዘመቻም ሲደረግ ከባሕሩ ወዲህ ነበር። ሌሎች ታሪክ ሲሠሩ እርሱ በሩቅ ወሬ ይሰማል። እስቲ ራሳችሁን በቦታው አድርጉ። ጓደኞቻችሁ በሙሉ «አልፈው ሄደዋል»፤ እናንተ ግን ዛሬም እዚያው ናችሁ። አሁን በስልካችን ላይ የምናየው ስሜት ይኸው አይደል? አንዱ ተመረቀ፤ አንዱ አገባ፤ አንዷ ውጭ ወጣች፤ እኔ ግን ያው።

ጃዕፈርና አስማ እነዚያን ዓመታት በመጠበቅ አላሳለፏቸውም፤ ኖሩባቸው። ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ሰገዱ፤ ልጅ አሳደጉ፤ ከሕዝቡ ጋር በሰላም ተጎራበቱ።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628፣ በመርከብ ተመለሱና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በኸይበር አገኟቸው። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ነቢዩ በኸይበር መከፈት ይሁን በጃዕፈር መምጣት ይበልጥ የተደሰቱት በየትኛው እንደሆነ እንደማያውቁ ተናገሩ። በቡኻሪና በሙስሊም ደግሞ የአስማ ታሪክ አለ። ዑመር (ረ.ዐ) እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል ሲላት ተቆጣች። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ነበራችሁ፤ የራባችሁን ያበላሉ፣ ያላወቃችሁትን ያስተምራሉ፤ እኛ ግን በሩቅ ምድር ለአላህ ብለን ነበርን አለች። ጉዳዩን ለነቢዩ አቀረበችው። የተሰጣት ፍርድ ግን ከጠበቀችው በላይ ነበር። ዑመርና ጓዶቹ አንድ ሂጅራ አላቸው፤ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት አላቸው።

ሱብሓነላህ! ሰው ሁሉ «ያመለጣቸው» ብሎ የቆጠራቸው ዓመታት በአላህ ዘንድ እጥፍ ሆነው ተቆጠሩ። ጃዕፈር ከተመለሰ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በሁለተኛው ዓመት፣ በ629፣ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። «ሕይወቴ የሚጀምረው መዲና ስደርስ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ የቀረው ዕድሜ ምን ያህል እንደነበር አስቡት።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ሕይወትህ ጀምሯል። ሕይወትሽ ጀምሯል። ለአቅመ አዳም፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስንበት ቀን ጀምሮ እየተጻፈ ነው። በቂያማ ቀን የምንጠየቀው ስላልመጣው ቪዛ፣ ስላልተጠራው የሥራ ፈተና አይደለም። በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ የሰው ልጅ እግር ከቦታው የማይነቃነቀው ስለ አራት ነገሮች እስኪጠየቅ ድረስ ነው፤ ዕድሜውን በምን እንደጨረሰው፣ ባወቀው ምን እንደሠራበት፣ ገንዘቡን ከየት አግኝቶ በምን ላይ እንዳዋለው፣ ሰውነቱን በምን እንዳስረጀው። አራቱም አሁን እጃችሁ ላይ ያሉ ናቸው።

ዒባዳ፦ «ሥራም ዒባዳ ነው» ስንል

ዒባዳ ማለት ሰላት፣ ጾምና ሐጅ ብቻ አይደለም። ሥራዎች የሚመዘኑት በኒያ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ባጃጅ የሚነዳው ወንድም ለእናቱ የቤት ኪራይ ለመክፈል ብሎ ቢነዳ፣ ተሳፋሪውን ባያታልል፣ የተረሳ ዕቃ ቢመልስ፣ መንገዱ ሁሉ ዒባዳ ይሆንለታል። ልብስ የምትሰፋው እህት ማንም ባያያት እንኳ ስፌቷን ብታሳምር፣ ከደመወዟ ለታናሽ ወንድሟ ደብተር ብትገዛ፣ ጣቶቿ ሲደክሙ ምንዳ ይጻፍላታል። ዲግሪ ይዞ ሱቅ የሚጠብቅ ወጣት ሚዛኑን ካላጎደለ አላፈረበትም። ነቢያችን ሰው ገመዱን ይዞ ወጥቶ እንጨት ተሸክሞ ቢሸጥ ሰውን ከሚለምን እንደሚሻለው ተናግረዋል።

ነገር ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። «ሥራም ዒባዳ ነው» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ሰላትን የማሳለፊያ ሰበብ ሆኗል። ዙህር አለፈ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ዐስር አለፈ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራ ዒባዳ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ኒያው ለአላህ ሲሆን፣ ሥራው ሐላል ሲሆን፣ ግዴታን የማያስጥል ሲሆን። አምስት ወቅት ሰላት ቢደመር ከቀኑ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለቲክቶክ የሚተርፈን ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ስልካችን ራሱ ቆጥሮ ያሳየናል።

አደራ፦ ባለንበት ቦታ

ኸሊፋነት የመሪዎች ብቻ ይመስለናል። አይደለም። እያንዳንዳችን እረኛ ነን፤ ስለ ጠበቅነውም እንጠየቃለን። የአዲስ ከተማ ልጅ አደራው የት ነው? እናትና አባቱ ናቸው። ታናናሾቹ ናቸው። መንገዱ ነው፤ ከመንገድ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ያነሳ ሰው በዚያ ምክንያት ምሕረት እንዳገኘ በሐዲስ ተነግሯል። ሐይቁ ነው፤ ሐይቅ ዳር ተዝናንተን የውሃ ፕላስቲኩን ወደ ውሃው ወርውረን የምንመለስ ከሆነ የምትክነትን አደራ ከትንሹ ጀምረን ጥለናል። ጎረቤታችን ነው፤ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን። ሀዋሳ የብዙ ሕዝብና የብዙ እምነት ከተማ ናት። ጃዕፈር በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቆሞ ሃይማኖታችን ለጎረቤት መልካም መሆንን ያዛል ሲል የተናገረውን ጎረቤቶቻችን በእኛ ላይ ሊያዩት ይገባል።

ፈተና፦ ማጣት ውርደት አይደለም

በሱረቱል ፈጅር (89፡15-17) አላህ የሰውን ልጅ የተሳሳተ ሚዛን ያጋልጣል። ሰው ሲሰጠው ጌታዬ አከበረኝ ይላል፤ ሲሳዩ ሲጠብበት ጌታዬ አዋረደኝ ይላል። አላህ ሁለቱንም ሐሳብ ውድቅ ያደርጋል። ማግኘትም ፈተና ነው፤ ማጣትም ፈተና ነው። ክብርም ውርደትም በፈተናው ውስጥ በሠራነው ነው። የሱረቱል ሙልክም አንቀጽ የሚናገረው ሥራው ስላማረ ሰው እንጂ ስለበዛለት ሰው አይደለም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ታነባላችሁ። ስታነቡ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት ታሪክ (18፡32-44) ላይ ስትደርሱ ዝግ በሉ። ያ ሰው በገንዘብና በሰው ብዛት ከጓደኛው እንደሚበልጥ ተናገረ፤ አትክልቱም ለዘላለም የሚጠፋ አልመሰለውም። አትክልቱ ጠፋ፤ ባወጣበት ወጪ መዳፎቹን እያገላበጠ ቀረ። ድሃው ጓደኛው ግን የጠፋበት ነገር አልነበረም፤ ሕይወቱን በአትክልት ላይ አልሠራማ። የሱራው መጨረሻ አካባቢም (18፡103-104) በሥራ እጅግ የከሰሩት ልፋታቸው በዱንያ ጠፍቶባቸው ሳለ መልካም የሠሩ የሚመስላቸው እንደሆኑ ይነግረናል። መልፋት ብቻውን አያድንም፤ ለማን እንደምትለፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ማለት ግን እጅን አጣምሮ መቀመጥ አይደለም። ማለዳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ በዙሪያቸው ይሰበሰባሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ላይ እውነተኛ ተወኩል ቢኖረን ኖሮ ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትገባው ወፍ ሲሳይ እንደሚሰጠን ተናግረዋል። ወፏ ግን ከጎጆዋ ወጥታለች። ተወኩል መውጣት ነው፤ ከወጡ በኋላም ልብን ከመረቡ ላይ አንስቶ በመረቡ ጌታ ላይ ማሳረፍ ነው።

ማንም ያላያቸው ሕይወቶች

ዘመናችን «ካልታየህ የለህም» ይለናል። ላይክ ያላገኘ በጎ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በነቢዩ መስጂድ ግን የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። በሌሊት ሞተች፤ ባልደረቦቹም ጉዳዩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለርሷ ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፤ መቃብሯ ድረስ ሄደውም ሰገዱባት። መጥረጊያ ይዛ የኖረች ሴት፣ ለእርሷ የተሰገደው በነቢይ ነው።

የራሳችንን ሐበሻዊት እናት ኡሙ አይመንንም (ረ.ዐ) አስቧት። ስሟ በረካ ነው። ነቢዩን በሕፃንነታቸው ያሳደገች፣ እናታቸው ሲሞቱም አብራቸው የነበረች ናት። ነቢዩ ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር ሊጠይቋት ሄዱ፤ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ አይደለምን ብለው ሲያጽናኗት፣ እርሱን ስለማላውቅ አይደለም፤ የማለቅሰው ወሕይ ከሰማይ ስለተቋረጠ ነው አለች። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ይህች ሴት ሀብት አልነበራትም፤ ልቧ ግን ምን እንደሚያስለቅስና ምን እንደማያስለቅስ ያውቅ ነበር። እኛስ የመጨረሻ ጊዜ ያለቀስነው ምን ስለቀረብን ነው?

ልቡ ለከበደው

ይህን የምታነብ/የምታነቢ ሆናችሁ ነገሩ ከጥያቄ አልፎ መኖር ራሱ የከበዳችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ። ነፍሳችሁ የአላህ አደራ ናት፤ አላህ ስለፈለጋት ነው ያለችው። ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ። ጭንቀት ሁሉ የኢማን ማነስ አይደለም፤ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጭቷል፤ ነቢይ ግን ነበሩ። ብቻችሁን አትሁኑ። ዛሬውኑ ለእናታችሁ፣ ለምታምኑት ጓደኛ ወይም ለኡስታዛችሁ ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ የልብ ሕመምም ሕመም ነው። ጓደኛው ዝም ያለበት ደግሞ ዝም አይበል፤ ደውሉ፤ ሄዳችሁም እዩት።

የዚህ ሳምንት ተግባር

እውቀት ያለ ተግባር ፍሬ የለውምና እስከሚቀጥለው ጁሙዓ አራት ነገር እንሞክር።

አንደኛ፦ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ወይም ሥራ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ኒያችሁን በልባችሁ ተናገሩ። ለማን ነው የምወጣው? ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፦ ከአምስቱ ሰላቶች ዘወትር የምታሳልፉትን አንዱን ለዩና ይህን ሳምንት በወቅቱ ጠብቁት። ሌሎቹን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ የፈረሰውን ግድግዳ ከፈረሰበት ጀምሩ ነው።

ሦስተኛ፦ ከጃዕፈር ዝርዝር አንዱን ምረጡ። ያልተመለሰ አደራ ወይም ብድር ካለ መልሱ። የቆረጣችሁት ዘመድ ካለ ደውሉ። ያስቀየማችሁት ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩ።

አራተኛ፦ በሳምንቱ ውስጥ አንድ መልካም ሥራ ማንም ሳያይ ሥሩ። ፎቶ አይነሳ፤ አይለጠፍ፤ ለጓደኛም አይነገር። በእናንተና በአላህ መካከል ይቅር።

በእነዚህ አራት ነገሮች ሥራ አጡ ወዲያው ሥራ ላያገኝ ይችላል፤ የባጃጁም ገቢ ላይጨምር ይችላል። ነገር ግን ቀናችን የጥበቃ ቀን መሆኑ ይቀርና የሕይወት ቀን ይሆናል። ሪዝቃችን ተጽፏል፤ በሰዓቱ ይመጣል። የሚጠበቅብን እስኪመጣ ድረስ ባሪያ ሆነን መገኘት ነው።

አላህ ሆይ! ለምን እንደፈጠርከን የምናውቅና ባወቅነው የምንኖር አድርገን። ሥራ ላጡ ወንድሞችና እህቶቻችን ሐላል የሆነ ሰፊ ሲሳይ ስጣቸው። ልባቸው የከበደባቸውን ልባቸውን አቅልልላቸው። ለከተማችን ለሀዋሳና ለአገራችን ሰላም ስጥ። የመጨረሻውን ሥራችንን ከሥራዎቻችን ሁሉ ያማረ አድርግልን። ኣሚን።

ዛሬ በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ብላችሁ ለምታስቡት አንድ ጓደኛ አድርሱት፤ ከመላካችሁ በፊት ግን እንዴት እንዳለ ጠይቁት።

ጁሙዓ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።